የአጎቴ ፊርማ

ጽሑፍ እየቸረቸረ ለሚኖር ሰው፣ ሌላ ሰው የከፈለበት የአውሮፕላን ቲኬት በየቀኑ አይመጣም። ከጥቂት ወራት በፊት ናይሮቢ ውስጥ ለሦስት ቀናት በሚካሄድ የጸሐፊዎች ስብሰባ ላይ እንድገኝ ተጋበዝኩ። ደስታዬ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። ቲኬቱን እንደ ፍቅር ደብዳቤ ደጋግሜ ሳነበው፣ ከበረራ ቁጥሩ በታች በደቃቅ ፊደል የአውሮፕላኑ ዓይነት ተጽፎ አገኘሁት። ቦይንግ 737 ማክስ 8። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ በጠዋት፣ በማክስ።

ይህን የማያስተውል መንገደኛ የታደለ ነው። እኔ አስተዋልኩ፤ ያስተዋልኩትንም መርሳት አቃተኝ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው፣ የበረራ ቁጥር 302 የተሰጠው አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ እርሻ ላይ ወደቀ። የ35 አገር ሰዎች፣ 157 ነፍስ። አንድም የተረፈ የለም። የአዲስ አበባ ሰው ያን እሑድ የት እንደነበረ፣ ወሬውን ማን እንደነገረው፣ ዛሬም ጠይቃችሁት አይሳሳትም።

ቲኬቱን ይዤ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የምሄድበት ሌላ ሰው አልነበረኝም።

አጎቴ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሀንጋር ውስጥ 31 ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነው። እሱ ራሱን የሚጠራው «መካኒክ» እያለ ነው። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያደግሁት እሱ ቤት፣ ቦሌ ሚካኤል ነው። በዚያ ሰፈር ወሬ የሚቋረጠው በመብራት መጥፋት ሳይሆን በአውሮፕላን ድምፅ ነበር። እኛ ጆሯችንን ስንይዝ አጎቴ እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሰባት ስድሳ ሰባት ነው» ይላል። ወጥተን ስናይ ሰባት ስድሳ ሰባት ነው።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የቤተሰባችንን ሥራ ስትጠይቅ ብድግ ብዬ «አጎቴ አውሮፕላን ያበራል» አልኩ። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ማታ ይህንኑ ስነግረው አጎቴ አልሳቀም።

«እኔ አላበርም» አለኝ። «እኔ የምፈርም ነኝ።»

እንዴት እንዳዘንኩ! አብራሪ ዘመድ አጥቼ ጸሐፊ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ፊርማ ማለት ለእኔ ያን ጊዜ የቀበሌ መስኮት ላይ የሚደረግ ነገር ነበር።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አውሮፕላን ላይ አንድ ብሎን የሚፈታ ሰው መፍታቱን ይጽፋል፤ መልሶ ያሠረው ማሠሩን ይጽፋል፤ ከዚያ ስሙን ያኖራል። ሥራው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ የአንድ ሰው ዐይን አይበቃም፤ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፣ እሱም ይፈርማል። በመጨረሻም አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው አለ። ያ ፊርማ ከሌለ ካፒቴኑ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ተሳፋሪው ምንም ያህል ቢቸኩል አውሮፕላኑ ብረት ነው። ወረቀቱም አይጣልም። ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ቢደርስ መርማሪዎች ያን ወረቀት አውጥተው «ይህን ያሠረው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው የሌላ አገር አየር መንገድ ስመለስ፣ «የቴክኒክ ችግር» ተብለን አራት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠን ቀረን። ቤት ደርሼ ለአጎቴ በምሬት ስነግረው ፊቱ በራ።

«እሰይ!» አለ።

«እንዴት እሰይ ትላለህ ጋሼ?»

«አልፈርምም ያለ ሰው ነበራ! እዚያ የሆነ አንድ ሰው አለቃው እየጠራው፣ ሦስት መቶ ሰው እየረገመው አልፈርምም ብሏል። ማን ያመሰግነዋል? እኔ ላመስግነው እንጂ።»

እንግዲህ ስለ ማክስ የጠየቅሁት ይህን ሰው ነው። ቲኬቱን ከስልኬ ላይ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ከስኳር ዕቃው ውስጥ ማንኪያ አወጣ።

«ይኸውልሽ» አለ ማንኪያውን በአየር ላይ አጋድሞ። «የ737 እግሩ አጭር ነው። ሲሠራ በዚያ ዘመን በነበረው ትንሽ ኢንጂን ልክ ነው የተሠራው። ኋላ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ትልቅ ኢንጂን መጣ። ትልቁን ኢንጂን ካጭር እግር በታች የት ታደርጊዋለሽ? ወደፊትና ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አበራር ላይ አፍንጫው ወደ ላይ መሄድ ያበዛል። ይህን የሚያርም ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ጨመሩ፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ራሱ ወደ ታች የሚደፋው።»

ማንኪያውን ደፋው።

«ቀና ማለቱን በምን ያውቃል?» አልኩ።

«እሱ ነው ጥያቄው! በአንድ መለኪያ ነዋ። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት አለ፤ ፕሮግራሙ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ። ያ አንዱ ከዋሸ አውሮፕላኑ ደህና እየበረረ ሳለ ወደ ታች ይደፋል። አብራሪው ቀና ያደርገዋል፤ እሱ ይደፋዋል። ደግሞ ቀና፣ ደግሞ ድፍት። ፕሮግራሙ መኖሩንም ለአብራሪዎቹ አልነገሯቸውም፤ መጽሐፋቸው ውስጥ አልነበረም።»

በዚሁ ምክንያት በመጀመሪያ የወደቀው የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ነው፤ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ189 ሰው ጋር። አምስት ወር ሳይሞላ የእኛ ተከተለ። በሁለቱ 346 ሰው አለቀ። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ አምራቹ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ አስተላለፈ፤ አውሮፕላኑን ግን ከሰማይ አላወረደውም። አዲሱን አውሮፕላን ሲሸጥ አንዱ ማባበያው የቀድሞውን 737 የሚያበር ሰው በሲሙሌተር ተጨማሪ ሥልጠና ሳያስፈልገው ማክስን ያበራል የሚል ነበር። ሥልጠና ገንዘብ ነውና።

እነዚያን የመጋቢት ቀናት አስታውሳለሁ። የውጭ ጋዜጦች፣ የጡረተኛ አብራሪዎች አስተያየት፣ ኋላም የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ንግግር ሳይቀር ጣቱን ወደ ኮክፒቱ ቀሰረ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ በርሯል። እሱን የማያውቁ ሰዎች «የሦስተኛው ዓለም አብራሪ» የሚል ቃና ባለው አነጋገር ሲያሙት አጎቴ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ምሳውን አይበላም። እኔ እንኳን፣ አምኜ እላለሁ፣ በልቤ «ምናልባት የእኛ ሰዎች ተሳስተው ይሆን?» ብያለሁ። ከውጭ የመጣን ክስ በቀላሉ የማመን አመል አለብን፤ የቤታችንን ዕውቀት የምናከብረው ፈረንጅ ካጸደቀው በኋላ ነው።

ያጸደቁትም ዘግይተው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ምርመራ የአምራቹንና የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጥፋት ዘርዝሮ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቦይንግ የአሜሪካን ተቆጣጣሪዎች ስለዚያ ፕሮግራም በማታለል በቀረበበት የወንጀል ክስ፣ ክሱ እንዲዘገይለት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

«ታዲያ የእኛ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው?» ስል ጠየቅሁት።

አጎቴ ይህን ጥያቄ አልወደደውም፤ ግን አልሸሸውም። «መካኒክ ንጹሕ ነኝ አይልም፤ ፈትሹኝ ነው የሚለው» አለ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤሩት የተነሣው አውሮፕላናችን ባሕር ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ አየር መንገዱ ደግሞ አልቀበልም አለ። የ302 የመጨረሻ ሪፖርት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣም የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ያ ፕሮግራም መሆኑን ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹም አያያዝ መታየት ነበረበት ብለዋል። «ይታይ!» አለ አጎቴ። «ሁሉም ይታይ። የሚያስፈራኝ የሚታይ ነገር አይደለም።»

የሚያስፈራውን ነገር ደግሞ ነገረኝ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የአሜሪካው አላስካ ኤርላይንስ ማክስ 9 አውሮፕላን ከፖርትላንድ ተነሥቶ ሰማይ ላይ ሳለ፣ የበር ቦታ የሚዘጋው የጎኑ አካል ተገንጥሎ በረረ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። መርማሪዎች ሲያዩት ያን አካል የሚይዙት አራት ብሎኖች አልታሠሩም። ፋብሪካው ውስጥ ለሌላ ጥገና ተፈትቶ ነበር። ማን እንደፈታው ለማወቅ ወረቀት ቢፈለግ ወረቀት የለም።

«ፊርማ የለም!» አለ አጎቴ፣ ማንኪያውን ስኳሩ ላይ ሰክቶ። «አየሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት ከዚያ አገር በመጣ መጽሐፍ ነው። ሳትጽፍ አትፍታ ያሉኝ እነሱ ናቸው።»

በዚህ መሐል የእኛው አየር መንገድ ማክስን መልሶ ማብረር የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2016 ደግሞ ዱባይ ላይ 11 ድሪምላይነርና 20 ማክስ ለመግዛት ውል ገባ። ይህን ዜና ስሰማ ደሜ ፈልቶ እንደነበር አልደብቅም። ሰው በገደለው ቢላ ድጋሚ ሽንኩርት ይከተፋል? አጎቴ ግን ነገሩን በሒሳብ ነው የሚያየው። በዓለም ላይ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን በብዛት የሚሠሩት ሁለት ድርጅቶች ናቸው። የሌላኛውም ወረፋ ለዓመታት የተያዘ ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ላይ አብራሪና መካኒክ ያሠለጠነ፣ መለዋወጫ ያከማቸ አየር መንገድ በቁጣ ብቻ ዓይነት አይቀይርም።

«ቁጣሽን አልነቅፍም» አለኝ። «ቁጣ ግን አውሮፕላን አይፈትሽም።»

ነገሬን ወደ ኋላ ልመልሰው። ስለ አየር መንገዱ ስናወራ እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ ኩራት። ኩራቱ ምክንያት የለውም አልልም። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የነበሩት አምስት ያገለገሉ የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ናቸው። ወንበሩ በግድግዳው ላይ የተደረደረ ነበር፤ ዕቃው መሐል ላይ ይታሠራል። አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ሥራ አስኪያጁም ቲደብልዩኤ ከሚባለው ኩባንያ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ሥራው ቀስ በቀስ፣ በትምህርት፣ ከእጅ ወደ እጅ ወደ አገር ልጆች ተላለፈ። በነሐሴ 2004 ድሪምላይነርን በአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ያመጣው ይኸው ድርጅት ነው። በ2012 ኮሮና የዓለምን አየር መንገዶች መሬት ሲያስቀምጥ፣ የሀንጋሩ ልጆች ከሃያ ከሚበልጡ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅለው ዕቃ መጫኛ አደረጓቸው፤ ጭምብልና መድኃኒት እየጫኑ ደሞዛቸውን አወጡ። አጎቴ ያኔ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ግን «ወንበር ነቀልን» ነው የሚለው፤ «ነቀሉ» አይልም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በኩራት እንናገራለን። አጎቴም ይኮራል። ልዩነቱ እኛ የምንኮራው አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው፤ እሱ የሚኮራው አልነሣም ሲል ነው። እኔ ስለ አየር መንገዱ መጥፎ ሲወራ «ጠላት ነው» ብዬ እጀምራለሁ፤ እሱ «ምን ተገኘ?» ብሎ ይጀምራል። ከሁለታችን አየር መንገዱን ይበልጥ የሚወደው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ደግሞም ፊርማው የጎደለው በረራ ሁሉ የመካኒክ ፊርማ የጎደለው አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውጭ በረራ ወደ ካይሮ ሲሄድ በአሥመራ በኩል ነበር። ያ መስመር በ1990 በጦርነት ተዘጋ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሃያ ዓመት በኋላ ሲከፈት ሰው በእንባ አስፋልት ሳመ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው እንደገና ቆመ። የመቀሌም በረራ በጦርነቱ ቆሞ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በገብርኤል ዕለት፣ ሲቀጥል ሰው የወላጁን ሞት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተረዳ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አውሮፕላኖቹ ደኅና ነበሩ። «ብልሽቱ እኛ ጋ የሚጠገን አልነበረም» ይላል አጎቴ።

አሁን ደግሞ የምናወራው ስለ ቢሾፍቱ ነው። በጥር 2018 ዓ.ም. የአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ መሠረት ተጣለ። 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ አብዛኛው ከአበዳሪዎች ይጠበቃል፣ ሲያልቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ምክንያቱ መጣበብ ብቻ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ኢንጂኑም የሚፈልጉትን ያህል አያገኙም። ስለዚህ ለረጅም መንገድ የሚነሣ አውሮፕላን ሰውንም ዕቃውንም ነዳጁንም ሙሉ አድርጎ መሸከም ያቅተዋል። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስትሄዱ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፣ ስትመለሱ ግን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ነው። ቢሾፍቱ ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያ ብዙ ገንዘብ ነው።

«ትክክለኛ ሥራ ነው» አለ አጎቴ። ቀጥሎ ግን እንደ ልማዱ ወረቀቱን ፈለገ። «ከመሬታቸው የሚነሡት ገበሬዎች የፈረሙትን አንብበው ነው የፈረሙት? የሄዱበትን ቦታ ሁለተኛ ሰው ሄዶ አይቶታል? ለሚመጣው አውሮፕላን ሁሉ የሚፈርሙ ልጆች እየተማሩ ነው? የተማሩትስ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች ሲጠሯቸው የሚያስቀር ደሞዝ አላቸው?» አብረውት ከሠሩት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ዱባይና ዶሃ ናቸው። በበዓል ቀን ይደውሉለታል። እሱ የሚጠይቃቸው ስለ ኢንጂን ነው።

«ስለዚህ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አልኩት በመጨረሻ።

«ሂጂ። ፕሮግራሙ አሁን ሁለቱንም መለኪያ ይሰማል። ከተጣሉበት ዝም ይላል። ቢሠራም አንዴ ነው፤ አብራሪው ያሸንፈዋል። አብራሪዎቹ በሲሙሌተር ሠልጥነውበታል። ልጆቻችን ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አላበሩትም፤ ሌላው ሲያበር እነሱ ቆዩ። ሂጂ።» ከዚያ ስልኬን እንደገና ተቀበለኝና የበረራውን ሰዓት አነበበ። «ሂጂ» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሄድኩ። ገና ጎህ ሲቀድ ነበር የተሳፈርነው። በመስኮቱ ስመለከት ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አንድ ልጅ ባትሪ ይዞ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ ወደ ኢንጂኑ ያበራል። ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጠውም። ብርሃኑን አንድ ቦታ ላይ አቆየው፤ አለፈ፤ ተመልሶ እዚያው ቦታ አበራ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ሰዓታቸውን አይተው «ምን ይጎለጎላል?» አሉ። እኔ ልቤ «እሰይ» አለ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። እጄ ላይ ያለውን ሰዓት ማየት አልፈልግም ነበር፤ አየሁት። አንድ ደቂቃ። ሁለት። በስተታች የደብረ ዘይት ሐይቆች እንደ ሳንቲም ተበትነው ታዩ። አራት። ነጋዴው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። አምስት። በዚያች እሑድም ጋዜጣ የዘረጋ ሰው ይኖራል ብዬ አሰብኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ስምንት ደቂቃ ሆኗል፤ አስተናጋጇ ሻይ ወይስ ቡና ትለኛለች።

ናይሮቢ እንደወረድኩ በአየር ማረፊያው ኢንተርኔት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው የአጎቴ ባለቤት ናት።

«ደረስሽ?» አለች። «እስቲ ንገሪው። ከንጋቱ ጀምሮ በረንዳ ላይ ሰዓት ይዞ ቆሞ፣ ቁርስ ብለው ብለው እምቢ ብሎኛል።»